ሰንጠረዥ

ሰንጠረዥ ሻትራንጅ ከሚባለው የቀድሞ ቼዝ የተወረሰ፣ በኢትዮጵያ በተለይ በነገሥታትና በመኳንንት ዘንድ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ሲዘወተር የኖረ ጥንታዊ የቼዝ ዓይነት ነው። 64 ቤት ያለው ሰሌዳው ብዙ ጊዜ መስመር የተሰመረበት ቀይ ጨርቅ ነው፤ ጥቁርና ነጭ አይፈራረቅበትም። በዘመናዊ የቼዝ ዕቃ ሲጫወቱት ንግሥቲቱ ፈርዝ የሚባለውን የሰንጠረዥ ጠጠር ቦታ ይዛ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ትሄዳለች፤ ጳጳሱ ፊል እንደሚባለው ጠጠር በሰያፍ ሁለተኛው ቤት ላይ ዘሎ ያርፋል፤ ወታደሩ በመጀመሪያ እርምጃውም ሁለት ቤት አይራመድም። በመነሻው አሰላለፍ የሁለቱ ወገን ንጉሦች ፊት ለፊት አይተያዩም። ከዘመናዊ የቼዝ ውድድር ጋር ለማላመድ የሚያስቸግረው መክፈቻው፣ ወረራ የሚባለው ነው፦ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ፣ አንዱ የሌላውን እጅ እየተከታተለ፣ ያሻቸውን ያህል ያንቀሳቅሳሉ። ይህን የውድድር ሰዓትም ሆነ ተራ በተራ የሚጻፍ የጨዋታ መዝገብ አያስተናግደውም። የጨዋታውን ታሪክና ሕግ ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. በጥናት አሳትመዋል።