ቀለሃ ማጠብ

ጥይት ሲተኮስ የሚሄደው እርሳሱ ብቻ ነው። ቀለሃው እዚያው ይቀራል። ባሩዱን አቅፎ የያዘው፣ ከሥሩ እሳት ጫሪዋን ትንሽ ቆብ የተሸከመው የናስ ቱቦ ማለቴ ነው። ከጥይቱ ክፍሎች ሁሉ ያለ ፋብሪካ ለመሥራት የሚያስቸግረው እሱ ነው፤ ደግነቱ ደግሞ ተመልሶ ይሠራል። 70 እጅ መዳብ፣ 30 እጅ ዚንክ ነው። ሲተኮስ ተለጥጦ የጠመንጃውን ጉሮሮ ይደፍናል፣ ጋዙ ወደ ተኳሹ ፊት እንዳይመለስ ያግዳል፣ ከዚያ መለስ ብሎ ሰብሰብ ይላል። ይሄ መለጠጥና መሰብሰብ ያለ ገደብ አይቀጥልም። አንድ ቀን ይሰነጠቃል።

እኔ በምኖርበት ቨርጂኒያ ቀለሃ ጋራዥ ውስጥ ይታጠባል። ኢላማ ተኳሽ የሆነ ጎረቤት አለኝ። ባዶዎቹን ለቅሞ ያመጣና በሞተር በሚሽከረከር ትንሽ በርሜል ውስጥ ይጨምራቸዋል፦ ውኃ፣ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና፣ ቁንጥር ሲትሪክ አሲድ፣ ከዚያ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል የሚወፍሩ የማይዝግ ብረት ቁርጥራጮች። ከሁለት ሰዓት በላይ ሲንኳኳ ቆይቶ ውስጡም ውጩም እንደ አዲስ ያበራል። ሲትሪክ አሲድ ማለት ያው የሎሚ አሲድ ነው። የናስ ዕቃ በሎሚና በአመድ ሲፈተግ ያየ ሰው ሳይንሱን ያውቀዋል። ብቻ አሲዱ ከበዛ ዚንኩን ይበላና ናሱ ሮዝ ይሆናል።

ሰዎች ቀለሃ ማጠብ የጀመሩት ለውበት አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምቆጥረው) ባሩድ ማለት ጥቁሩ ነበር፤ ድኝ፣ ከሰልና ጨው መሰሉ ናይትሬት። ጥቁር ባሩድ ሲነድ ከክብደቱ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ጠጣር ጥላሸት ሆኖ ይቀራል። ጥላሸቱ ከአየር እርጥበት ይስብና ናሱን ይበላዋል። በ1880ዎቹ የአሜሪካ ጦር ለኢላማ ልምምድ ቀለሃ መልሶ ይሞላ ስለነበር ወታደሩ ከተኩስ በኋላ በሳሙናና በውኃ ማጠብ ነበረበት። ዛሬ ዘመናዊ የሚመስለን እርጥቡ እጥበት እንግዲህ ከደረቁ ይቀድማል። በበቆሎ ቆረቆንዳ ፍርፋሪ ውስጥ እያንቀጠቀጡ ማጽዳት በኋላ የመጣ ነው።

በዚያው ዘመን ቀለሃ እኛም አገር ትልቅ ነገር ነበር። ፈረንሳይ በ1874 የግራ ጠመንጃን ለጦሯ ተቀበለች፤ በ1886 ለቤል ሲተካው አሮጌው ተርፎ ወደ ቀይ ባሕር ወረደ። «ፉዚ ግራ» ይሉት የነበረው በኛ አፍ «ውጅግራ» ሆነ፤ ስናይደር «ስናድር» እንደሆነው። ዓድዋ ላይ ከተተኮሱት ጠመንጃዎች አንዱ እሱ ነው። ጥይቱ ደግሞ ገበያ ወጣ። ማርያ ቴሬዛ ብር ለትንሽ ግዢ ትልቅ ነው፤ ምኒልክ በ1894 የራሳቸውን ብር ቢያስመቱም ሳንቲሙ ሁሉም ገበያ አልደረሰም። ስለዚህ ዝርዝሩ አሞሌ ጨውና የውጅግራ ጥይት ነበር። አስቡት እስቲ፦ ዶሮ ገዝታችሁ መልሳችሁን በጥይት ስትቀበሉ።

ይሄ ታሪክ ብዙ ጊዜ እንደ አስቂኝ ገጠመኝ ነው የሚነገረው። እኔ ግን አያስቀኝም። ጥይት ገንዘብ የሆነው ከባሕር ማዶ ብቻ ስለሚመጣ ነው። ጥይቱን ከባሕር ማዶ የሚጠብቅ አገር በሩ ሲዘጋበት ምን እንደሚሆን በ1935 ታየ፤ ኃያላኑ መንግሥታት መሣሪያ አንሸጥም ሲሉ የተጎዳው የራሱ ፋብሪካ ያለው ጣሊያን አልነበረም። ከዚያ በኋላ የአርበኛው ዋና ግምጃ ቤት ከጠላት የሚማረከው ሆነ።

ናስ እያበራ እንደሚሞት በግልጽ ያሳየችው ህንድ ናት። የእንግሊዝ ጦር እዚያ በዝናቡ ወራት ጥይቱን ፈረስ ጋጣ ውስጥ ያከማች ነበር። ዝናቡ ሲያልፍ ቀለሃዎቹ ማንም ሳይነካቸው ተሰንጥቀው ተገኙ። «የወቅት ስንጥቅ» አሉት፤ ጥፋቱን በአየሩ አሳበው መሆኑ ነው። በ1921 ሙር፣ ቤኪንሴልና ማሊንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች ነገሩን ፈቱት፦ ከፈረስ ሽንት የሚወጣው አሞኒያ፣ እርጥበቱ፣ ደግሞም ናሱ በፋብሪካ ሲሳብ ውስጡ ታምቆ የቀረው ውጥረት። ሦስቱ ሲገናኙ ይሰነጠቃል። መፍትሔው ናሱን በልኩ አሙቆ ውጥረቱን ማላላት ነበር። ጎረቤቴም አሞኒያ ያለበትን የናስ መወልወያ ወደ ቀለሃዎቹ የማያስጠጋው በዚሁ ምክንያት ነው።

እሳት ጫሪዋ ቆብም የራሷ ጣጣ አላት። ድሮ የሜርኩሪ ውሑድ ነበረባት፤ ሜርኩሪው ናሱ ውስጥ ይሰርግና እንደ ደረቅ እንጀራ ተሰባሪ ያደርገዋል። ይሄንን ደግሞ የትኛውም ሳሙና አያጥበውም። ዛሬ በብዛት ያለው የእርሳስ ውሑድ ነው። በደረቁ ሲጸዳ እርሳሱ አቧራ ሆኖ ይተናል፣ ጋራዥ ውስጥ ያለው ሰውም ይተነፍሰዋል። ብዙዎች ወደ ውኃው የተመለሱት በከፊል ለዚህ ነው። እርሳሱ ግን የትም አልጠፋም፤ ጥቁሩ እጣቢ ውስጥ ነው። ጎረቤቴ በጓንት ይሠራል፣ ልጆቹን አያስገባም፣ የወጥ ቤት ዕቃም አይጠቀምም።

ታጥበው ከደረቁ በኋላ ጫፉን ባጠፈው ቀጭን ሽቦ የእያንዳንዱን ውስጥ ይዳስሳል። ናሱ ከሥሩ ከፍ ብሎ ሳስቶ እንደሆነ ሽቦው ቀለበት የመሰለች ስርጉድ ላይ ይያዛል። ከውጭ ምንም አይታይም፤ እንደውም የሳሳው ከደህናው እኩል ያበራል። እንዲህ ያለውን ማንም ዳግም እንዳይሞላው በጉጠት ጨፍልቆ ቆርቆሮ ውስጥ ይወረውረዋል። የውጅግራ ጥይት በመልስ የተቀበለ ገበያተኛ ግን ውስጡን የሚዳስስበት ምንም መንገድ አልነበረውም። እርሳሱ አፉን ዘግቶታል። ቆጥሮ፣ በነጠላው ጫፍ ቋጥሮ ይሄዳል።