ትራክተርዎ ጭስ ሲያበዛ፡ ኢንጀክተር ከመግዛትዎ በፊት

አዲስ አበባ ቢሮ እየዋሉ በአርሲ፣ በባሌ ወይም በመተማ ትራክተር የሚያሠሩ ባለንብረቶች ጥቂት አይደሉም። ትራክተራቸውን በዓይናቸው የሚያዩት በዓመት ጥቂት ቀን ሲሆን በቀረው ጊዜ ስለ እሱ የሚሰሙት በስልክ ነው። በዘር ወቅት የሚመጣው ስልክ ደግሞ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። «ጉልበት አጥቷል፣ ጭስ አብዝቷል፣ መካኒኩ ኢንጀክተር ነው ብሏል፤ አራቱም ይቀየሩ።» ባለንብረቱ ገንዘቡን ይልካል፤ ዕቃው ተገዝቶ ይገጠማል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ያው ስልክ ተመልሶ ይደወላል።

ይህ የሚሆነው መካኒኩ ስለዋሸ ላይሆን ይችላል። ኢንጀክተር ሲበላሽ የሚታዩት ምልክቶች በጥቂት ብር የሚወገዱ ሌሎች ብልሽቶችም የሚያሳዩዋቸው ናቸው። ኢንጀክተሩ በእርግጥ ተበላሽቶ ቢገኝ እንኳ ያበላሸው ነገር በአብዛኛው ነዳጁ ውስጥ ስለሚገኝ፣ እሱ እስካልተወገደ ድረስ አዲሱንም ያበላሸዋል።

አሮጌዎቹ መካኒኮች በጣሊያንኛ ስሙ «ኢኜቶሬ» የሚሉት ይህ ዕቃ ሥራው ናፍጣን ወደ ሲሊንደሩ ማስገባት ብቻ አይደለም። የናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም። ፒስተኑ አየሩን ሲጨምቀው ሙቀቱ ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይደርሳል፤ ናፍጣው በዚህ አየር ውስጥ እንደ ጉም ተበትኖ ሲገባ በራሱ ይቀጣጠላል። ጉም ካልሆነና እንደ ውኃ ጠብታ ከገባ ግን በወቅቱ አይነድም። ባለአራት ምት ሞተር በደቂቃ 2000 ዙር ሲሽከረከር እያንዳንዱ ኢንጀክተር በደቂቃ 1000 ጊዜ፣ በሰዓት 60 ሺህ ጊዜ ይረጫል። ከጫፉ ባለው ኖዝል ውስጥ የሚመላለሰው መርፌና ቤቱ መካከል ያለው ክፍተት ጥቂት ማይክሮን ብቻ ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት 70 ማይክሮን አካባቢ መሆኑን ስናስብ፣ በዓይን የማይታይ አቧራ እዚህ ቦታ ላይ ምን ሊያደርግ እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

ጭሱን ማንበብ

ጥቁር ጭስ ማለት ያልተሟላ ቃጠሎ ነው፤ ወይ ናፍጣው በዝቷል፣ ወይ በደንብ አልተበተነም፣ ወይ አየር አንሷል። በመጀመሪያ መታየት ያለበት የመጨረሻው ነው። የደረቀ ማሳ ላይ የሚያርስ ትራክተር የአየር ፊልትሮው በአንድ ቀን ሊደፈን ይችላል። ከዚህም ሌላ ብዙ ሰው የማያነሳው የከፍታ ጉዳይ አለ። በቆጂ አካባቢ ከባሕር ወለል በላይ 2800 ሜትር ገደማ ነው። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አንድ አራተኛ ያህል ስለሚሳሳ፣ ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለና ቱርቦ የሌለው ሞተር ምንም ብልሽት ሳይኖርበት ጭነት ሲበዛበት ጥቁር ጭስ ሊያወጣ ይችላል። መፍትሔው የፖምፓውን የነዳጅ መጠን ባለሙያ በመሣሪያ እንዲያስተካክለው ማድረግ ነው እንጂ ኢንጀክተር መቀየር አይደለም።

ነጭ ጭስ የሚታየው ናፍጣው ሳይነድ በእንፋሎት መልክ ሲወጣ ነው፤ ዓይን ያቃጥላል። ጠዋት ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ብቻ ከሆነ አያስጨንቅም። ሞተሩ ከሞቀም በኋላ ካልጠፋና አንዱ ሲሊንደር «እየዘለለ» የሚመስል ድምፅ ካለ የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተር፣ የደከመ ኮምፕሬሽን ወይም የተዛባ የመርጫ ጊዜ መኖሩን ያመለክታል። ሰማያዊ ጭስ ግን የሞተር ዘይት መቃጠል ነውና ኢንጀክተሩን አይመለከትም።

ባለንብረቱ በስልክ ሊጠይቀው የሚገባ አንድ ጥያቄ አለ፤ «የሞተር ዘይቱ ልክ ከፍ ብሏል ወይ?» የሚለው ነው። ዘይት ሳይጨመር ከፍ ካለና ናፍጣ ናፍጣ ከሸተተ ያልነደደ ናፍጣ በፒስተኑ ጎን ወደ ታች እየወረደ ሊሆን ይችላል። ምንጩ የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተር ወይም የሚያፈስ ፖምፓ ይሆናል። የትኛውም ቢሆን ትራክተሩ በዚያው ሰዓት መቆም አለበት። የቀጠነ ዘይት ኩሽኔታ ይበላል፤ የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተር ደግሞ የፒስተኑን አናት እስከ መብሳት ይደርሳል። «ይህን ማሳ ጨርሰን እንጠግነዋለን» የሚለው ውሳኔ የኖዝል ወጪን ወደ ሙሉ ሞተር ዕድሳት የሚቀይረው እዚህ ላይ ነው።

የትኛው ሲሊንደር ነው?

አሮጌ ሜካኒካል ፖምፓ ባላቸው ሞተሮች ላይ፣ በአገራችን እርሻዎች የሚታወቁትን የቀድሞዎቹን ማሲ ፈርጉሰንና ቤላሩስ ጨምሮ፣ የቆየ ግን አስተማማኝ ዘዴ አለ። ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ ከፖምፓው ወደ ኢንጀክተሩ የሚሄደው ቱቦ ዳዶ በአንድ ጊዜ አንዱ ብቻ ትንሽ ይላላል። ናፍጣው በላላው በኩል ስለሚወጣ ያ ሲሊንደር ሥራ ያቆማል። ሞተሩ ከተንገዳገደ ሲሊንደሩ ደኅና ይሠራ ነበር ማለት ነው። ምንም ለውጥ ካላሳየ ግን ያ ሲሊንደር ቀድሞውንም እየሠራ አልነበረም። ዳዶው ተመልሶ ይጠብቅና ወደሚቀጥለው ይታለፋል።

ይህ ሙከራ በአዲሶቹ ኮመን ሬይል ሞተሮች ላይ ፈጽሞ አይደረግም። በአሮጌዎቹ ኢንጀክተሩ የሚከፈትበት ግፊት በአብዛኛው ከ170 እስከ 250 ባር ሲሆን፣ በኮመን ሬይል ሲስተም ቱቦው ውስጥ ከ1000 ባር በላይ የሆነ ግፊት ይገኛል። በአሮጌዎቹም ቢሆን መነጽርና ጓንት ማድረግ፣ ዳዶውን በጨርቅ መሸፈንና እጅን ከሚረጨው ናፍጣ ማራቅ ያስፈልጋል።

በተለይ እጅን በሚመለከት ትንሽ ማለት ይገባል። በከፍተኛ ግፊት የሚወጣ ናፍጣ ቆዳ ሰንጥቆ ሥጋ ውስጥ ይገባል። ቁስሉ የመርፌ ቀዳዳ ያህል ስለሆነና መጀመሪያ ላይ ብዙም ስለማያም ሰውየው ጠራርጎ ሥራውን ይቀጥላል። ናፍጣው ግን ውስጥ ለውስጥ እየተሰራጨ ሥጋውን ያበላሻል፤ በሰዓታት ውስጥ በቀዶ ሕክምና ካልታጠበ ጣት ወይም እጅ እስከ መቆረጥ ሊያደርስ ይችላል። ስለዚህ አንድ መካኒክ ኖዝል ሲረጭ እጁን ፊቱ ደቅኖ ከሞከረና ቆዳውን ከመታው፣ ቁስሉ ምንም ቢመስል ወዲያው ሆስፒታል መሄድና «በከፍተኛ ግፊት ናፍጣ ገብቶብኛል» ብሎ መናገር አለበት። ፍሳሽ የሚፈለገው በካርቶን ቁራጭ እንጂ በጣት አይደለም።

የማይሠራው ሲሊንደር ከታወቀ በኋላም ጥፋቱ ገና የኢንጀክተሩ ነው አይባልም። ባልቦላው የማይገጥም፣ ፋሻው ያለቀ ወይም ፖምፓው በዚያ በኩል የማይልክ ሊሆን ይችላል። ርካሹ ማረጋገጫ ማዛወር ነው። የተጠረጠረው ኢንጀክተር ደኅና ወደሚሠራ ሲሊንደር፣ የደኅናው ደግሞ ወደ እሱ ቦታ ይዛወራል። ችግሩ ኢንጀክተሩን ተከትሎ ከሄደ ጥፋተኛው ተገኘ። በቦታው ከቀረ ግን ለአዲስ ኢንጀክተር የሚወጣው ገንዘብ ሁሉ ከንቱ ነው። ይህ ሥራ ሁለት አዲስ የመዳብ ሮንዴላና የግማሽ ቀን ጊዜ ብቻ ይጠይቃል፤ ለምን ብዙ ጊዜ እንደሚዘለል አይገባኝም።

የመጨረሻው ፍርድ ግን የመሞከሪያው ማሽን ነው። በእጅ በሚሠራ፣ የግፊት መለኪያ ባለው ፖምፓ ላይ ኢንጀክተሩ ይታሰርና አራት ነገር ይታያል፤ በስንት ባር እንደሚከፈት፣ ከመከፈቻው ጥቂት ባር ዝቅ ባለ ግፊት ተይዞ ጫፉ ደረቅ ሆኖ መቆየቱ፣ ርጩ በሁሉም ቀዳዳ እኩል ጉም መሆኑና በመመለሻው በኩል ከልክ በላይ አለማፍሰሱ። ጤነኛ ኖዝል ሲረጭ ጥርት ያለ የመንቀጥቀጥ ድምፅ ያሰማል። ባለንብረቱ «ተፈትሾ ነው» ከተባለ የአራቱንም የመከፈቻ ግፊት በቁጥር ይጠይቅ። ቁጥር የሌለው ፍተሻ አልተደረገም ብሎ ማሰብ ይሻላል።

ኖዝል ወይስ ሙሉ ኢንጀክተር?

በአሮጌዎቹ ሞተሮች ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚያልቀው ኖዝሉ ነው። አካሉ ደኅና ከሆነ ኖዝሉ ብቻ ተቀይሮ፣ ሞላውን በሚጫነው ቀጭን ሮንዴላ ወይም ብሎን የመከፈቻ ግፊቱ ይስተካከላል። ወጪው ከሙሉው በጣም ያነሰ ነው። አራቱም እኩል ሰዓት የሠሩ ከሆነ አራቱንም መፈተሽና ኖዝሎቹን አንድ ላይ መቀየር የተሻለ ነው፤ አንዱ አዲስ ሦስቱ ያረጁ ሲሆኑ ሞተሩ እኩል አይሠራም።

ግዢው ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። መልካቸውና ጥርሳቸው አንድ ሆኖ የቀዳዳቸው ብዛት ወይም የመርጫ ማዕዘናቸው የሚለያይ ኖዝሎች አሉ። ይገጥማሉ፣ ሞተሩም ይነሳል፤ ነገር ግን ናፍጣው የፒስተኑ ጎድጓዳ ውስጥ መግባት ሲገባው የሲሊንደሩን ግድግዳ ይመታል። መመሳሰል ያለበት ካርቶኑ ላይ የታተመው የኩባንያ ስም ሳይሆን ኖዝሉ ላይ የተቀረጸው ቁጥር ነው። አሮጌው ሳይጣል ከአዲሱ ጋር ቁጥሩን ማነጻጸር፣ ባለንብረቱም የሁለቱን ፎቶ በስልክ እንዲላክለት መጠየቅ ይችላል። አሮጌውን ኖዝል በሽቦና በብርጭቆ ወረቀት «አድሶ» መግጠም ግን አይገባም። መርፌና ቤቱም በጥንድ የተሠሩ ናቸውና የአንዱን መርፌ ለሌላው መስጠት አይቻልም።

መግጠሙ ላይ የሚበላሸው ሥራ ጥቂት አይደለም። ከመፈታቱ በፊት አካባቢው ታጥቦ በአየር መነፋት አለበት፤ አለበለዚያ በቴስታታው ላይ የተከመረው አፈር ቀዳዳው ውስጥ ይገባል። የተፈቱ ቱቦዎች አፍ ወዲያው በንጹሕ ክዳን ይደፈናል። የተጣበቀ ኢንጀክተር ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ተደርጎለት ግራና ቀኝ እየተወዘወዘ ይወጣል እንጂ በመዶሻና በካቻቢቴ አይፈነቀልም። ከሁሉም የሚዘነጋው ግን የመዳቡ ሮንዴላ ነው። አሮጌው ከኢንጀክተሩ ጋር ሳይወጣ ከቀዳዳው ሥር ተጣብቆ ይቀራል፤ በላዩ ላይ አዲስ ይጨመርበታል። ሮንዴላው ሁለት ሲሆን የኖዝሉ ጫፍ ከሚገባው በላይ ከፍ ብሎ ስለሚቀር ርጩ ቦታውን ይስታል። በመሐሉም ጋዝ ያሾልካል። መቀመጫው ጸድቶ አንድ አዲስ ሮንዴላ፣ በትክክለኛው ውፍረት፣ መግባት አለበት።

ኢንጀክተሩን የሚይዙት ሁለት ዳዶዎች እየተፈራረቁ በጥቂት በጥቂቱ ይጠብቃሉ፤ የመጨረሻው ልክ በሞተሩ መጽሐፍ ላይ በተጻፈው መሠረት በቶርክ መፍቻ ነው። አንዱን ወገን ብቻ ማጥበቅ አካሉን ስለሚያጣምም ደኅናው መርፌ ሊጣበቅ ይችላል። ትናንት የተገዛ ኢንጀክተር ዛሬ «ፎርጅድ ነው» ሲባል አንዳንዴ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ከዚያ በኋላ አየር ማስወጣት ነው። በእጅ ፖምፓው እየተገፋ መጀመሪያ ከፊልትሮው፣ ቀጥሎ ከፖምፓው ላይ አረፋ የሌለበት ናፍጣ እስኪወጣ ይጠበቃል። በመጨረሻም የኢንጀክተሮቹ ቱቦ ዳዶዎች ላልተው በሞተሪኖ ይሽከረከርና ናፍጣ ሲመጣ ይጠብቃሉ። ሞተሪኖው በአንድ ጊዜ ከ15 ሰከንድ ብዙ ሳይበልጥ እየተያዘ ማረፍ አለበት። በኮመን ሬይል ሞተሮች ይህ አሠራር አይሠራም። እዚያ እያንዳንዱ ኢንጀክተር የራሱ መለያ ኮድ ሊኖረውና ያ ኮድ ወደ ሞተሩ ኮምፒውተር በመሣሪያ መመዝገብ ሊያስፈልገው ስለሚችል፣ ያለ መሣሪያው የሚነካካው መካኒክ ባይነካው ይመረጣል።

በርሜሉን ሳያዩ አይለፉ

አዲሱ ኖዝል ከመገጠሙ በፊት ፊልትሮው ተቀይሮ የነዳጅ ታንኩ ሥር ምን እንደተቀመጠ መታየት አለበት። እርሻ ላይ ናፍጣ የሚመጣው በበርሜል ነው፤ በርሜሉ ደጅ ላይ ቆሞ ክዳኑ ላይ የዝናብ ውኃ ያቁራል፣ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ደግሞ አየሩን ከነውኃው ይስባል። ውኃ ኖዝሉን ያዝጋል። ላምባ የተቀላቀለበት ናፍጣም የማለስለስ አቅሙ ስለሚቀንስ ፖምፓውንና ኢንጀክተሩን አብሮ ይበላል።

በርሜሉ ከጥላ ሥር በጥቂቱ ዘንበል ብሎ፣ ሳይነቃነቅ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ቢያርፍ ውኃውና ዝቃጩ ወደ ሥር ይወርዳል። የሚቀዳው ከላይ ነው፤ ከሥር የሚቀረው አንድ ጣት ያህል ወደ ትራክተሩ አይገባም። ታንኩን ጠዋት ሳይሆን ማታ ሥራ ሲያልቅ መሙላት ሌሊት ውስጡ የሚጠራቀመውን ላብ ይቀንሳል። በፊልትሮው ሥር ያለው የውኃ ማጠራቀሚያ ሥራ ከመጀመሩ በፊት በየቀኑ ይፈሳል፤ ኦፕሬተሩ ከእሱ ያፈሰሰውን በብርጭቆ አድርጎ ፎቶ እንዲልክ ማድረግ ለባለንብረቱ ከብዙ ስልክ ይሻላል። ውኃው ከሥር፣ ናፍጣው ከላይ ተለያይቶ ይታያልና።