«ማዋያ ተረት»፦ ለቢብሊዮቴራፒ የቀረበ ስያሜ

«ቢብሊዮቴራፒ» የሚለው ቃል የተወለደው በቀልድ ነው። ሳሙኤል ክሮዘርስ የተባለ አሜሪካዊ ቄስ እ.ኤ.አ. በ1916 አትላንቲክ መንዝሊ መጽሔት ላይ ባወጣው መጣጥፍ፣ እንደ ሐኪም መጽሐፍ የሚያዝ ገጸ ባሕርይ ፈጠረ፤ «መጽሐፍ» እና «ሕክምና» የሚሉትን የግሪክ ቃላት ያጣመረውም እዚያው ላይ ነው። ቀልዱ ቀርቶ ዛሬ ቃሉ የሚያመለክተው፣ ስሜትን ለመረዳት ታስቦ የተመረጠን ታሪክ ከሌላ ሰው ጋር ማንበብንና መወያየትን ነው። ቃል በቃል ከተረጎምነው «የንባብ ሕክምና» ይሆናል። ለአዋቂ ያስኬድ ይሆናል፤ ለአምስት ዓመት ልጅ ግን በሁለቱም በኩል ይስታል፤ ልጁ ገና አያነብም፣ ተራኪውም ሐኪም አይደለም። «ፈውስ» እንዳንለው ደግሞ ጠበልና ተአምር ያስታውሳል። ስለዚህ ምስጢር ማዋየት፣ የልብን ማዋየት ከሚለው አነጋገር «ማዋያ ተረት» የሚለውን ስያሜ አቀርባለሁ።

ስያሜው ሥራውን ይገልጻል። ካሮላይን ሽሮድስ እ.ኤ.አ. በ1949 በጻፈችው የዶክትሬት ጥናት ሂደቱን በሦስት ከፍላዋለች፦ አድማጩ ራሱን በባለታሪኩ ያያል፣ የታመቀ ስሜቱ ይተነፍሳል፣ ከዚያ የራሱን ነገር መረዳት ይጀምራል። የአንበሳውን ጢም ተረት እንውሰድ። እናቱ የሞተችበት ልጅ እንጀራ እናቱን አልቀርብም ይላል፤ እሷም መድኃኒት ፍለጋ አዋቂ ዘንድ ሄዳ የአንበሳ ጢም አምጪ ትባላለች፤ ሥጋ እየጣለች ጥቂት በጥቂት አውሬውን ታለምደዋለች። በተለመደው አተራረክ ተረቱ በትዕግሥት ምክር ይዘጋል፤ ምክሩም ለሴትዮዋ ነው፣ ልጁ ይረሳል። ማዋያ ሲሆን ግን ጥያቄው ወደ ልጁ ይዞራል፦ «ለምን እንቢ አላት? ማታ ማታ ምን ያስብ ነበር?» እናቷ ለሥራ ዓረብ አገር የሄደችባት ሕፃን «እናቱ ትመጣለች ብሎ ነዋ!» ብትል፣ ስለ ራሷ አንድ ቃል ሳትተነፍስ የልቧን አዋየች ማለት ነው።

«ይሄማ ድሮም ነበረን፤ አባባ ተስፋዬ በቴሌቪዥን ስንት ትውልድ በተረት አሳደጉ» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ተረቱ ነበረን። በተለመደው አካሄድ ግን አዋቂ ይናገራል፣ ልጅ ይሰማል። «ተረቴን መልሱ» የሚል መዝጊያ እያለን መልሱን እምብዛም አንጠብቅም። የዓለም ጤና ድርጅትና አጋሮቹ እ.ኤ.አ. በ2020 ለኮሮና ጊዜ ያዘጋጁት የልጆች መጽሐፍ፣ ልጆች ያለ አዋቂ ለብቻቸው እንዳያነቡት የመከረው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ዋናው ነገር ከገጹ በኋላ የሚመጣው ጨዋታ ነው።

ከበድ ያለው ተቃውሞ «ስለ ጭንቀት ማውራት ልጅን ጭንቀት ማስተማር ነው» የሚለው ነው። ነገር ግን ስሜቱ ከቃሉ ይቀድማል። የጨነቀው ሕፃን «ሆዴን አመመኝ» ይላል፤ ትቶት የነበረውን አልጋ ላይ መሽናት እንደገና ይጀምራል። አማርኛም ስሜትን ሆድ ውስጥ ያኖራል፤ ሆድ ይብሳል፣ ሆድ ይባባል። «የአእምሮ ጤና» የሚለው ሐረግ በብዙ ሰው ጆሮ ወዲያው አማኑኤል ሆስፒታልን ስለሚጠራ፣ ከሕፃን ጋር በሆድ ቋንቋ መጀመር ይሻላል። ይህ ሲባል ተረት ሁሉን ይችላል ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ አንድ የጥናቶች ግምገማ፣ ዘዴው በልጆች ስሜትና ጠባይ ላይ የሚያመጣው ለውጥ ከትንሽ እስከ መካከለኛ የሚደርስ መሆኑን አሳይቷል፤ «ሕክምና» የሚለውን ስም ለመንፈግ ይህም አንድ ምክንያት ነው። ምግብና እንቅልፍ የዘጋው ልጅ ወደ ባለሙያ መወሰድ አለበት።

«ተረት» በአማርኛ ውሸትም ማለት ስለሆነ ስያሜውን ያቀለዋል የሚል ቅሬታም አይጠፋም። እኔ ግን የምፈልገው ይህንኑ ቅለት ነው። ተረት መሆኑ ነው ልጁን፣ ነገሩ ሲከብደው «እኔ አይደለሁም፣ እሱ ነው» ብሎ እንዲያፈገፍግ የሚፈቅድለት።