ባክቴሪዮፋጅ፦ ከአስተናጋጁ ጋር የሚጣበቅበት ሂደት

ባክቴሪዮፋጅ፣ በአጭሩ ፋጅ፣ ባክቴሪያን የሚያጠቃ ቫይረስ ሲሆን፣ በራሱ የመንቀሳቀስ ኃይል ስለሌለው ከአስተናጋጁ ጋር የሚገናኘው በፈሳሽ ውስጥ ሲንሳፈፍ በአጋጣሚ ነው። ግንኙነቱ ፍሬ የሚኖረው ግን በባክቴሪያው ገጽ ላይ ተቀባይ የሚባለውን፣ ለፋጁ የሚስማማ ፕሮቲን ወይም የስኳር ሰንሰለት ካገኘ ብቻ ነው፤ አንድ ፋጅ አንዱን የባክቴሪያ ዝርያ አጥቅቶ የቅርብ ዘመዱን የሚያልፈውም በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው።

ሂደቱ በሚገባ ከተጠናባቸው ፋጆች አንዱ ኢ. ኮላይ የተባለውን የአንጀት ባክቴሪያ የሚያጠቃው ቲ4 ነው። ቲ4 በመጀመሪያ በ6 ረጃጅም የጅራት ክሮቹ ጫፍ ኦምፕ-ሲ የተባለውን የውጭ ሽፋን ፕሮቲን ወይም ሊፖፖሊሳካራይድን፣ ማለትም ስብና ስኳር የተጣመሩበትን የሽፋኑን ክፍል፣ ይይዛል፤ ይህ አያያዝ ልል በመሆኑ ፋጁ ሊላቀቅ ይችላል። በርከት ያሉ ክሮች ሲይዙ ግን በጅራቱ ጫፍ ያለው ባለስድስት ማዕዘን ሰሌዳ ቅርጹን ለውጦ 6 አጫጭር ክሮችን ይዘረጋል፤ እነዚህም ከሊፖፖሊሳካራይዱ ጋር በማይፈታ ሁኔታ ይጣበቃሉ። ወዲያውም የጅራቱ ልባስ ይኮማተርና ውስጠኛው ቱቦ የባክቴሪያውን ውጫዊ ሽፋን ይበሳል፤ ዲኤንኤውም በዚያው መንገድ ይገባል። እጅግ የሚያስደንቀው፣ የመኮማተሪያው ጉልበት ፋጁ ከተሠራበት ጊዜ ጀምሮ በልባሱ ውስጥ ተጠራቅሞ የቆየ መሆኑ ነው።

ላምዳ ፋጅ በበኩሉ፣ ባክቴሪያው ማልቶስ የተባለውን ስኳር የሚያስገባበትን ላም-ቢ የተሰኘ ፕሮቲን ይጠቀማል፤ ስለዚህ ባክቴሪያው ይህን በር ቢዘጋ ከፋጁ ቢያመልጥም ምግብ ይቀርበታል። እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመ ጥናት፣ ላም-ቢን ማምረት በቀነሱ ባክቴሪያዎች መካከል የቆየ ላምዳ፣ በአንድ ጂን ላይ በተከማቹ 4 ሚውቴሽኖች አማካይነት ኦምፕ-ኤፍ የተባለ ሌላ ተቀባይ መጠቀም እንደቻለ ታይቷል።