ፍርስራሽ በሮማንቲክ ሠዓሊያን ዓይን

የፈረሰ ግንብ የሚታይበት ሥዕል ከድንጋዩ ዕድሜ ይልቅ የሠዓሊውን ዘመን ይናገራል። ዘመኑ ምን እንዳሰበ ለማወቅ ደግሞ በፍርስራሹ ሥር የቆሙትን ሰዎች ልብ ማለት ይበጃል። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

ለሮማንቲክ ሠዓሊያን መንገዱን የጠረገው በ17ኛው ምዕተ ዓመት ሮም ተቀምጦ የሠራው ክሎድ ሎሬን ነው። በሸራዎቹ ላይ የጥንት ቤተ መቅደሶች በምሽት ፀሐይ ወርቅ ይመስላሉ፤ እረኞች ከብቶቻቸውን በሥራቸው ያሰማራሉ። ፍርስራሹ የመልካም ዘመን መታሰቢያ ነውና አያስፈራም። ስሜቱ የተለወጠው በ1738 ሄርኩላኔየም፣ በ1748 ደግሞ ፖምፔይ መቆፈር ከጀመሩ በኋላ ነው። በእሳተ ገሞራ የተቀበሩ ከተሞች ብቅ ሲሉ፣ ሥልጣኔ በአንድ ቀን ሊጠፋ እንደሚችል አውሮፓ በዓይኗ አየች። ጣሊያናዊው ፒራኔዚ በመዳብ ሰሌዳ ቀርጾ ባሳተማቸው የሮም ዕይታዎች ግንቦቹን አገዘፈ፤ ሰዎቹን አሳነሰ።

ከፒራኔዚ ብዙ የተማረው ፈረንሳዊው ሁበር ሮበር ግን ፍርስራሹን በኑሮ ሞላው። ልብስ አጣቢ ሴቶች በጥንታዊ ቅስቶች መካከል ገመድ ወጥረው ልብስ ያሰጣሉ። ፈላስፋው ዲድሮ በ1767 የፓሪስ ዐውደ ርዕይ ሥራዎቹን አይቶ ቢያደንቅም፣ ሰው በዛባቸው ሲል ተቸ፤ ብቸኝነትንና ዝምታን የሚያጠነክሩት ብቻ እንዲቀሩ ፈለገ። ሮበር በፈረንሳይ አብዮት ዘመን ታስሮ ከተፈታ በኋላ፣ በ1796 የሉቭር ሙዚየምን ታላቅ አዳራሽ ጣሪያው ወድቆ የሚያሳይ ሥዕል አቀረበ። ሥዕሉን የሠራው አዳራሹ ገና ቆሞ ሳለ፣ እሱም የሙዚየሙ ጠባቂ በነበረበት ጊዜ ነው። በፍርስራሹ መካከል ግን አንድ ወጣት ሠዓሊ ሳይሰበር የቀረ ሐውልት እያየ ይሥላል። ጥበብን ከጥፋት የሚያተርፋት የሰው እጅ ነው የሚል እምነት እዚህ ይነበባል።

ወደ ሰሜን ስንሻገር የሮም ዓምዶች ለጎቲክ ገዳማት ቦታ ይለቃሉ። ወጣቱ እንግሊዛዊ ተርነር ንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ በ1536 ያስዘጋውን የቲንተርን ገዳም በውሃ ቀለም ሣለ። ጀርመናዊው ካስፓር ዳቪድ ፍሪድሪክ ደግሞ በትውልድ ከተማው በግራይፍስቫልድ አጠገብ ያለውን የኤልዴና ገዳም ዕድሜውን ሙሉ ደጋግሞ ሣለው። በ1810 በርሊን ባሳየው ሸራ መነኮሳት በበረዶ ላይ አስከሬን ተሸክመው በተሰበረው በር ይገባሉ፤ ራቁታቸውን የቀሩ የባሉጥ ዛፎች ከበዋቸዋል። ጀርመን ያኔ በናፖሊዮን ሥር ወድቃለች። ሥዕሉ ሐዘንም ጸሎትም ነው። እንግሊዛዊው ኮንስታብል ሚስቱን በቀበረ በዓመቱ በ1829 ሃድሊ ግንብን ሲያሳይ፣ ከፍርስራሹ በታች ያኖረው አንድ እረኛ ነው።

አሜሪካ የጥንት ሮም ፍርስራሽ አልነበራትም፤ ሠዓሊው ቶማስ ኮል ግን የወደፊት ፍርስራሽ ፈጠረላት። እስከ 1836 ባጠናቀቃቸው አምስት ሸራዎች አንድ ቦታ ከዱር ኑሮ ተነሥቶ ታላቅ መንግሥት ይሆናል፤ ይቃጠላል፤ ይጠፋል። በመጨረሻው ሸራ ላይ ዓምድ ቆሟል፤ ወፍ ጎጆ ሠርታበታለች፤ ሰው ግን የለም። ዲድሮ የተመኘው ብቸኝነት እዚህ ተፈጸመ።

የዚያ ዘመን ብሩሽ አገራችንም ደርሷል። ሥዕል የተማረው እንግሊዛዊ ሄንሪ ሶልት በ1805 አክሱምን ጎብኝቶ፣ በ1809 ባሳተማቸው 24 ዕይታዎች ውስጥ ሐውልቱን አካተተ። አክሱም ግን ባዶ ፍርስራሽ አልነበረችም። ከሐውልቶቹ ማዶ በጽዮን ማርያም ይቀደስ ነበር፤ ሕዝቡም በዙሪያቸው ይኖር ነበር።

ስለዚህ ከእነዚህ ሠዓሊያን ሁሉ ለቅርስ አጥብቆ የሚያስብ ሰው ሮበርን ቢመርጥ ተገቢ ነው። ባዶ ፍርስራሽ ለተመልካች ልብ ይመቻል፤ ነዋሪውን ግን ከታሪኩ ያስወጣዋል። ቅርስ የሚቆየው በአጠገቡ የሚኖረው ሰው የእኔ ሲለው ነው፤ እሱን ከሥዕሉ ያስወጣ ቅርሱንም ያለ ጠባቂ ያስቀረዋል።