ከስብከት በፊት ቤት፦ የቦጂና የነቀምቴ ወንጌላውያን ቤተሰቦች፣ 1898–1931

በወለጋ ስለ ወንጌላዊ ክርስትና አጀማመር ሲነገር ሁለት ስሞች ይቀድማሉ። አንዱ በ1898 ቦጂ ላይ የተተከለው ማኅበር መሪ ቀሲስ ገብረ ኤዎስጣቴዎስ ዘሚካኤል ናቸው፤ ሌላው በ1904 ነቀምቴ የገቡት ኦኔሲሞስ ነሲብ። (በዚህ መጣጥፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሁለቱም ክብር የሚገባቸው ሰዎች ናቸው። ሆኖም ታሪካቸው የሚጻፍበት መንገድ አንድ ጉልህ ነገር ይሸፍናል፤ ሁለቱም ብቻቸውን አልሄዱም። የሄዱት ከሚስት፣ ከባልንጀራና አብረው ከተማሩ ሴቶች ጋር ነው። የሄዱትም ሰብከው ሊመለሱ ሳይሆን ቤት ሠርተው ሊኖሩ ነበር። ያ ሥራ በወለጋ ሥር የሰደደው በስብከቱ ብርታት ብቻ ሳይሆን በቤቱ ነው ብዬ አምናለሁ። ይህን የምለው ሰባኪዎቹን ዝቅ ለማድረግ አይደለም፤ ስብከት በተከለከለባቸው ዓመታት ሥራው ለምን እንዳልሞተ ሌላ አጥጋቢ ማብራሪያ ስላላገኘሁ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከሩቅ ነው። በ1856 የተመሠረተው የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን የመጀመሪያ መልእክተኞቹን በ1866 ወደ ምፅዋ ሲልክ ዓላማው ኦሮሞን መድረስ ነበር። ምፅዋ መግቢያ በር እንጂ መድረሻ አልነበረችም። ግን በሩ ለሠላሳ ዓመት ያህል አልተከፈተም። በ1881 የተነሣውና ኦኔሲሞስ የነበሩበት ጓድ የዐፄ ዮሐንስን ክልከላ ለማለፍ በሱዳን ዞሮ በዓባይ ሸለቆ በኩል ወደ ወለጋ ሊገባ ሞከረ። ከፋማካና ከአሶሳ አካባቢ አላለፈም፤ ሰዎቹ በንዳድ ተመትተው በሚያዝያ 1882 ወደ ካርቱም ተመለሱ። በዚያው አስርት ዓመት አጋማሽ የተደረገው ሌላው ጉዞ እንጦጦ ድረስ ዘለቀ። ያኔ የሸዋ ንጉሥ የነበሩት ምኒልክ ግን ከበላያቸው ባሉት በዐፄ ዮሐንስ ትእዛዝ መንገደኞቹን መለሷቸው።

እነዚህን ሙከራዎች ያከሸፋቸው ፖለቲካና ንዳድ መሆኑ አያከራክርም። እኔ የምጨምረው አንድ ነገር ነው። ጓዶቹ መንገድ እንጂ ተቀባይ አልነበራቸውም። ከወዲያኛው ጫፍ ቆሞ «እነዚህ የእኔ እንግዶች ናቸው» የሚል ሰው አልነበረም። በዚያ ዘመን በምዕራብ ኢትዮጵያ አስተናጋጅ የሌለው መንገደኛ ነጋዴ ካልሆነ ሰላይ ነው ተብሎ ቢጠረጠር አያስገርምም።

በሩ ተዘግቶ በቆየባቸው ዓመታት ከምፅዋ አጠገብ በምትገኘው እምኩሉ አንድ እንግዳ የሆነ ማኅበረሰብ እያደገ ነበር። ኦኔሲሞስ በ1856 ገደማ ኢሉባቦር ውስጥ ሁሩሙ አጠገብ ሲወለዱ ስማቸው ሂካ ነበር። በልጅነታቸው ተሰርቀው ከእጅ ወደ እጅ ተሸጡ፤ በ1870 ምፅዋ ላይ ቬርነር ሙንዚንገር የተባለ ስዊሳዊ ነጻ አውጥቷቸው ወደ ሚሲዮኑ ትምህርት ቤት ገቡ። በ1872 የትንሣኤ ዕለት ተጠመቁ፤ ኋላም ስዊድን ሄደው በዮሐነሉንድ ትምህርት ቤት ተማሩ። አስቴር ጋኖ ደግሞ በ1872 ገደማ ነጻ ሆነው የተወለዱ፣ ከዚያ የሊሙ እናርያ ንጉሥ ባሪያ ያደረጋቸው ልጅ ነበሩ። ወደ ዐረብ አገር ሊሸጡ በመርከብ ሲጓዙ በ1886 የጣልያን ባሕር ኃይል መርከቡን ያዘና ነጻ ወጡ። እሳቸውም ወደ እምኩሉ ተወሰዱ።

እምኩሉን ትምህርት ቤት ብቻ አድርጎ ማየት ይጎድላል። እነዚህ ልጆች አባት፣ እናት፣ ጎሳና መንደር ተነጥቀው የመጡ ነበሩ። እዚያ ፊደል ተማሩ፣ እዚያ ተዋደዱ፣ እዚያ ተጋቡ፣ እዚያ የሞቱባቸውን ቀበሩ። የኦኔሲሞስ የመጀመሪያ ሚስት ምሕረት ኃይሉ በ1888 ሞቱ፤ ኋላ ያገቧቸው ልድያ ዲምቦም ከዚያው ማኅበር ነበሩ። ቤተሰብን የተማሩት ቤተሰባቸው ከፈረሰ በኋላ ነው። ወደ ወለጋ ይዘውት የሄዱት ትልቁ ስንቅ ይህ ይመስለኛል፤ የሥጋ ዝምድና ከሌለው ሰው ጋር ዝምድና መመሥረትን በልጅነታቸው ለምደውታል።

ሁለተኛው ስንቅ መጽሐፍ ነበር። ኦሮምኛው አዲስ ኪዳን በ1893 ታተመ፤ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ በ1899 ባዝል አጠገብ በቅዱስ ክሪሾና፤ ሁለቱም በግዕዝ ፊደል። በሕዝብ አፍ የኦኔሲሞስ መጽሐፍ ይባላል። ይሁንና ኦኔሲሞስ ከአገራቸው የተወሰዱት በልጅነታቸው ስለሆነ በቋንቋው ጥልቀት የአስቴርን እጅ ይሹ ነበር። ለትርጉሙ ሥራ የቃላት ሀብት ያከማቹት፣ አምስት መቶ ያህል እንቆቅልሽ፣ ተረት፣ ምሳሌና ዘፈን የሰበሰቡት አስቴር ናቸው። የዚያም ከፊሉ በ1894 በታተመው የንባብ መማሪያ ገባ። ይህን መማሪያ ልዩ የሚያደርገው፣ ልጅ ከሃይማኖት ትምህርቱ ጎን ለጎን እናቱ ማታ የምትነግረውን ተረት በፊደል ተጽፎ ማግኘቱ ነው። የተጻፈበትም ፊደል የቄስ ትምህርት ቤት የሚያስተምረው ያው ፊደል ነበር። በጎረቤት ዓይን ከባሕር ማዶ የመጣ ባዕድ ነገር አልነበረም።

ወደ ቦጂ እንምጣ። ገብረ ኤዎስጣቴዎስ የሐማሴን ሰው ናቸው፤ ኦሮሞ አይደሉም። በሥርዓተ ተዋሕዶ የተካኑ ቄስ ነበሩ፣ ስዊድንም ተምረዋል። ከሚስታቸው ከጉመሽ ወልደ ሚካኤልና ከእምኩሉ ከመጣው ኦሮሞው ዳንኤል ጋር ወለጋ ሲገቡ የአድዋ ድል ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ዐፄ ዮሐንስ አልፈው ምኒልክ ነግሠዋል። አዲስ በተጠቃለሉት አገሮች አብያተ ክርስቲያናት እየተተከሉ ነበር፤ ሕዝቡ ግን ግዕዙንም አማርኛውንም አይሰማም። የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ሆነው በኦሮምኛ የሚያስተምሩ ቄስ መምጣታቸው ለአካባቢው ሰው ትልቅ ነገር ነበር።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ሳይታይ የሚታለፍ ጉዳይ አለ። በኢትዮጵያ ልማድ የአጥቢያ ቄስ ባለትዳር ነው፤ በቁርባን ያላገባ ሰው ወይ መነኩሴ ይሆናል ወይ ከቅስና ይቀራል። ስለዚህ ቄስ መጣ ማለት ቤት መጣ ማለት ነው። የቄሱ ሚስት ምን ዓይነት ሴት ናት? ልጆቻቸውን እንዴት ያሳድጋሉ? ባል ሚስቱን እንዴት ያናግራል? ምእመኑ ስብከቱን ከመመዘኑ በፊት የሚመዝነው ይህን ነው። ቤተሰብ ይዞ የመጣ ቄስ ሕዝቡ ከሚያውቀው ሥርዓት ወጣ ያለ አልነበረም፤ አዲስ የሆነው ቋንቋውና የትምህርቱ ይዘት ነበር። አንድ ብቸኛ ፈረንጅ ሚሲዮናዊ በዚያው ቦታ በዚያው ዓመት ቢመጣ ኖሮ፣ የቱንም ያህል ቅን ቢሆን፣ ለመታወቅ ብቻ ዓመታት በፈጀበት ነበር።

የቦጂው ሥራ ሌላም ሊታሰብበት የሚገባ ጎን አለው። ቄሱ በአሮጌው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቆመው አዲስ ንባብ ያስተምሩ ነበር እንጂ ተቀናቃኝ ቤተ ክርስቲያን አልተከሉም። ወንጌላውያን ጸሐፍት እሳቸውን የራሳቸው አባት ሲያደርጓቸው፣ ተዋሕዶ ጸሐፍት ደግሞ እንዳልነበሩ ሲያልፏቸው ሁለቱም የሰውየውን እውነተኛ አቋም ያጠቡታል። በእኔ እይታ ገብረ ኤዎስጣቴዎስ እስከ መጨረሻው ሊታደስ ይችላል ብለው ባመኑበት ቤት ውስጥ የኖሩ ቄስ ናቸው። በ1905 በእሳት ቃጠሎ ሕይወታቸው አለፈ። የቦጂ ማኅበር ግን አልተበተነም፤ ሥራው በአንድ ሰው አንደበት ላይ ብቻ ቆሞ ቢሆን ኖሮ ከዚያ አመድ ጋር በቀረ ነበር።

ነቀምቴ የገባው ቤተሰብ ሁኔታ ደግሞ ሌላ ነው። ስለ 1904 በተጻፉት ጽሑፎች ውስጥ «ወደ አገራቸው ተመለሱ» የሚል አነጋገር ይደጋገማል። ልብ የሚነካ አነጋገር ነው፤ ግን ልክ አይደለም። የኦኔሲሞስ ትውልድ አገር ኢሉባቦር ነው፤ አስቴር የመጡት ከሊሙ በኩል ነው። ነቀምቴ የሌቃ ኦሮሞ አገር ናት። ቋንቋቸው የአገሬው ቋንቋ ቢሆንም ጎሳቸው፣ ርስታቸው፣ የአባታቸው መቃብር እዚያ አልነበረም። ኦሮሞ ሲገናኝ የማን ልጅ፣ የየትኛው ጎሳ ነህ ብሎ ይጠይቃል፤ እነሱ ለዚህ ጥያቄ ያላቸው መልስ ጎደሎ ነበር። ሌቃ በሚካተትበት በሜጫ ኦሮሞ ዘንድ ባዳን ወደ ጎሳ የሚያስገባ የሞጋሳ ሥርዓት፣ ልጅን የሚያሳድግ የጉዲፈቻ ሥርዓት መኖሩ አገሩ እንግዳን ለመቀበል የራሱ መንገድ እንደነበረው ያሳያል። ያም ሆኖ ኦኔሲሞስ፣ ልድያ፣ አስቴርና አብረዋቸው የመጡት ፌቤን ሂርጴ መጤ ነበሩ፤ እንደማንኛውም መጤ ጉርብትናን ከመጀመሪያው መገንባት ነበረባቸው።

ተቀባያቸው ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፣ በቀድሞ ስማቸው ኩምሳ ሞሮዳ፣ ነበሩ። አባታቸው ሞሮዳ በከሬ ለምኒልክ ገብረው አገራቸውን በግብር ያቆዩ ገዥ ናቸው። ልጃቸውም ክርስትና ተነሥተው፣ ግዛታቸውን በከፊል ራስ ገዝነት ይዘው፣ ፊደል የሚያውቅ ሰው ይፈልጉ ነበር። የተማረ የኦሮሞ መምህር ለእንዲህ ያለ ገዥ ከሃይማኖትም በላይ ጥቅም አለው። ስለዚህ «ሥራውን ያቆመው የደጃዝማቹ ጥላ ነው» የሚል ሰው ቢኖር ነጥቡ ጠንካራ ነው፤ እኔም በከፊል እቀበለዋለሁ። ያለ ተቀባይ የተደረጉት የ1880ዎቹ ጉዞዎች መጨረሻ ይህንኑ ያረጋግጣል።

ግን ጥላው ሁሉን አልሸፈነም። በ1906 የአካባቢው ካህናት ኦኔሲሞስን ከሰሱ፤ ነገሩ ሊቀ ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስ ዘንድ ደርሶ ከአገር እንዲወጡ ተፈረደባቸው። ዐፄ ምኒልክ ፍርዱን አሻሽለው ወደ ነቀምቴ እንዲመለሱ፣ እንዳይሰብኩ ግን ወሰኑ። ይህ ሁኔታ በ1916 ልጅ ኢያሱ የመስበክ ፈቃድ እስኪሰጡ ድረስ ቆየ። ለታሪክ ተመራማሪ እነዚህ አሥር ዓመታት ውድ ናቸው። ስብከቱ ተነጥቆ ሌላው ሁሉ በቦታው ቀርቷልና፣ የቱ ምን ይሠራ እንደነበር ለይቶ ለማየት ያስችላሉ። ደጃዝማቹ ኦኔሲሞስን ቢጠብቁም ስብከታቸውን ሊያስፈቅዱላቸው አልቻሉም። የተረፈው ማስተማር፣ መጽሐፍ ማንበብ፣ እንግዳ መቀበል፣ የታመመ መጠየቅ፣ ሐዘን መድረስ ነበር። በአጭሩ የተረፈው ኑሮው ነው፤ የንጉሥ አዋጅ መድረክን ይዘጋል እንጂ ጓዳን አይዘጋም።

በዚያ ጓዳ ውስጥ ዋናዎቹ ሠራተኞች ደግሞ ሴቶቹ ነበሩ። ልድያ፣ አስቴርና ፌቤን በነቀምቴ አስተማሪዎች ሆነው ሠርተዋል፤ በዚያ ዘመን የሴት ልጅ ፊደል መቁጠር ብርቅ በነበረበት አገር። የሰባኪነት ማዕረግ ስላልነበራቸው የሰባኪነት እገዳውም አልነካቸውም። ይህን ስል ክልከላው መልካም ሆነ ማለቴ አይደለም፤ ሰው ያመነውን እንዳይናገር መከልከል በደል ነው፤ ኦኔሲሞስም የስደት ሥጋት ሳይለያቸው ነው እነዚያን ዓመታት የኖሩት። ቢሆንም በሰነድ ውስጥ «የኦኔሲሞስ ዝምታ» ተብሎ ሊነበብ የሚችለው ዘመን፣ ከሴቶቹ በኩል ሲታይ የማስተማር ዘመን ነው። ስዊድናዊው የታሪክ ጸሐፊ ጉስታቭ አሬን በ1978 ባሳተሙት ሰፊ ጥናት የእነዚህን ሰዎች ዱካ ባይሰበስቡልን ኖሮ ዛሬ ይህን ማለት ባልተቻለ ነበር። ከእሳቸው በኋላ የመጣው አብዛኛው ጽሑፍ ግን ከዚያ ክምችት የሰባኪዎቹን ገድል ወስዶ ሴቶቹን በአንድ መስመር አልፏቸዋል።

ከሁሉ በላይ ሊታሰብበት የሚገባው ግን ባርነት ነው። እነዚህ ቤተሰቦች የሰፈሩበት ምዕራብ ኢትዮጵያ ገና ሰው የሚሸጥበት፣ የባላባት ቤት ሁሉ ባሪያ ያለበት አገር ነበር። ባሪያን ቀስ በቀስ ነጻ የሚያወጣው አዋጅ የወጣው በ1924፣ ሕጋዊው ፍጹም ክልከላ የመጣው በ1942 ነው። እንግዲህ የባላባት ልጅ በነቀምቴ ፊደል ሊማር ሲመጣ ከፊቱ የቆሙት መምህር ትናንት የተሸጡ ሰው ናቸው። አስቴር ለተማሪ ልጆች «ሰው ሁሉ በእግዚአብሔር አምሳል ተፈጠረ» የሚለውን ትምህርት ሲያስተምሩ፣ ትምህርቱና ሕይወታቸው አንድ ነበር። ስብከት ይህን በቃል ሊናገር ይችላል። የቀድሞ ባሪያ አባወራ፣ እመቤት፣ መምህርት ሆኖ በመንደር መካከል ዓመት ከዓመት ሲኖር ማየት ግን በልጆቹ አእምሮ ውስጥ ከቃል በላይ የሚቀር ነገር ነው። ይህ ኑሮ በነቀምቴ ባላባቶች ዘንድ የባርነትን አስተሳሰብ ምን ያህል እንዳናጋ ማጥናት፣ ለወለጋ ታሪክ ተመራማሪዎች የሚሲዮን ክንውኖችን በዓመት ተራ ከመዘርዘር የሚበልጥ ሥራ ነው።

ኦኔሲሞስ ሰኔ 21 ቀን 1931 አረፉ። አስቴር ከእሳቸው በኋላ ሠላሳ ሦስት ዓመት ኖሩ፤ የጣልያንን ወረራ አዩ፣ በ1942 ባርነት በሕግ ሲሻር አዩ፣ በ1959 የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ስትመሠረት በሕይወት ነበሩ፤ በ1964 ነቀምቴ ውስጥ አረፉ። በ1904 አብረው ከገቡት ሰዎች መካከል የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ለልጅ ልጆች በቃል ሊነግሩ ከቻሉት አንዷ እሳቸው ናቸው። ዛሬ በነቀምቴና በቦጂ ቤተሰቦች ዘንድ የሚነገረው ትውስታ ከተሰበሰበ፣ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ስለ አስቴር፣ ስለ ልድያ፣ ስለ ፌቤንና ስለ ጉመሽ ነው።