ጎቲክ ክፍል በአርዲቦ ዳር

«ጎቲክ» የሚለው ቃል ሲወጣ ስድብ ነበር። ከ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ በፈረንሳይ፣ ቀጥሎም በመላው ምዕራብ አውሮፓ ባለ ሹል ቅስት ካቴድራሎችን ያነጹት ግንበኞች ሥራቸውን በዚህ ስም አያውቁትም። ስሙን የለጠፉባቸው ዘግይተው የተነሡ ጣሊያናውያን ናቸው። ከእነርሱም አንዱ፣ ሠዓሊውና ታሪክ ጸሐፊው ጆርጆ ቫሳሪ፣ ሮምን የወረሩት የጎት ጎሣዎች ያመጡት ያልሠለጠነ አሠራር ነው ብሎ አጣጥሎታል። የእጅ ሥራን በስድብ መጥራት ለእኛም አዲስ አይደለም። ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ሸክላ ሠሪዋን በነገር መውጋት ልማድ ሆኖ ቢያስቸግር ነው ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛ እንዳይሰደብ በአዋጅ ያስነገሩት። ልዩነቱ፣ የፈረንጆቹ ስድብ ከጊዜ በኋላ የክብር ስም ሆኗል። የእኛው ገና ነው።

ስለ ሕግና ስለ ሕገ ወጥነት ማንበብ የለመዳችሁ የዚህ አምድ ተከታታዮች፣ ዛሬ የምጽፈው ስለ አሻንጉሊት ቤት ነውና ታገሡኝ። ክረምት ሲገባ ጥቂት ሳምንታት የማሳልፈው ደቡብ ወሎ ውስጥ፣ ከሐይቅ ከተማ ብዙም በማይርቀው አርዲቦ ሐይቅ ዳር፣ እህቴ ቤት ነው። (አርዲቦ ገዳም ያለበት የታላቁ ሐይቅ ዝና ጋርዶት ስሙ ብዙም አይነሣም። ከፍ ብሎ የተቀመጠው ግን እርሱ ነው።) የእህቴ ልጅ 13 ዓመቷ ነው። በስልክ ላይ ያየችውን ጎቲክ ክፍል አሳንሳ በካርቶን ውስጥ ለመሥራት ተነሥታለች፤ እኔም ረዳቷ ሆኜ ተቀጥሬአለሁ። ከዚህ በታች ያለው፣ ልጅም ሆነ አዋቂ እንዲህ ያለ ክፍል ልሥራ ቢል የሚያስፈልገው ነገር ነው።

አባቷ፣ «በዚህ ዕድሜዋ እቃ እቃ!» እያለ ያሾፋል። የሕግ ሰው ነኝና ማስረጃ አቀረብኩለት። ፍራንሲስ ግሌስነር ሊ የተባለች አሜሪካዊት ባለጸጋ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ የወንጀል መርማሪዎች የሚሠለጥኑባቸውን ትናንሽ ክፍሎች ሠርታለች። እያንዳንዱ ክፍል ሰው ሞቶ የተገኘበት ቦታ ነው። በሩ፣ መጋረጃው፣ የግድግዳው የቀን መቁጠሪያ ሁሉ በልኩ አለ። ሠልጣኙ በተሰጠው ጊዜ ውስጥ ዓይኑን ከጥግ እስከ ጥግ አዟዙሮ ሞቱ ግድያ ይሁን፣ አደጋ ይሁን ወይም ራስን ማጥፋት፣ ምልክቱን ለቅሞ መናገር አለበት። 18ቱ ክፍሎች ባልቲሞር በሚገኘው የሜሪላንድ ክፍለ ግዛት የአስከሬን ምርመራ ቢሮ ለማስተማሪያነት አገልግለዋል። ለእንግሊዟ ንግሥት ሜሪ የተሠራውና እ.ኤ.አ. በ1924 የተጠናቀቀው የአሻንጉሊት ቤትም የኤድዊን ሉተንስ ንድፍ ነው፤ ሉተንስ ደግሞ በዘመኑ አሉ ከሚባሉት የብሪታኒያ አርክቴክቶች አንዱ ነበር። መብራቱ ይበራል፣ ከቧንቧው ውሃ ይወርዳል፣ በቤተ መጻሕፍቱ ያሉት ጥቃቅን መጻሕፍት በጊዜው ደራስያን የተጻፉ ናቸው። አባትየው ይህን ሰምቶ ዝም አለ። ዝምታውን እንደ ስምምነት ቆጠርነው።

የመጀመሪያው ጉዳይ ልኬት ነው። የንግሥቲቱ ቤትም፣ የአሜሪካዊቷ ክፍሎችም የተሠሩት 1 ለ12 በሆነ ልክ ነው። ለእኛ ሒሳቡ ቀላል ነው፤ እውነተኛውን ቁመት በሴንቲ ሜትር ለክቶ ለ12 ማካፈል። መቀመጫው ከመሬት 45 ሳ.ሜ. ከፍ የሚል ወንበር 3.75 ሳ.ሜ. ይሆናል። 75 ሳ.ሜ. ቁመት ያለው ጠረጴዛ 6.25 ሳ.ሜ.፣ 1.80 ሜትር የሚሆን ሰው ደግሞ 15 ሳ.ሜ. ነው። ለጎቲክ ክፍል ካርቶኑ መቆም እንጂ መተኛት የለበትም። የእኛዋ ክፍል ወርዷ 26፣ ቁመቷ 42 ሳ.ሜ. ነው። የጎቲክ ሥራ ዓይንን ወደ ላይ ይስባል፤ ጣሪያው ዝቅ ካለ የፈለገውን ያህል ጌጥ ቢደረደርበት ጓዳ ነው የሚመስለው።

ቀጥሎ ቅስቱ። ብዙ ሰው ሹል ቅስትን በግምት ይቆርጠውና የሽንኩርት ቅርጽ ይወጣለታል። የሚያስፈልገው ሲባጎ፣ እርሳስና ሁለት ሚስማር ብቻ ነው። የበሩ ወርድ 8 ሳ.ሜ. ከሆነ ቅስቱ በሚነሣባቸው በግራና በቀኝ ነጥቦች ላይ ሚስማር ይተከላል። 8 ሳ.ሜ. በሆነ ሲባጎ መጀመሪያ ከግራው ሚስማር፣ ቀጥሎ ከቀኙ ይከበባል። ሁለቱ ክቦች የሚገናኙበት ጫፍ ከመነሻው 7 ሳ.ሜ. ያህል ከፍ ብሎ ይገኛል። ሲባጎው ሲረዝም፣ ሚስማሮቹም ወደ ውጭ ሲርቁ ቅስቱ ይሾላል። የጎቲክ ግንበኞች ምስጢር ያለው እዚህ ላይ ነው። ግማሽ ክብ የሆነ ቅስት ቁመቱ ሁልጊዜ የወርዱ እኩሌታ ነው፤ ምርጫ የለውም። ሹሉ ቅስት ግን ወርዱ ሳይለወጥ ቁመቱን ከፍና ዝቅ ማድረግ ያስችላል። ስለዚህ ጠባቡንም ሰፊውንም ክፍት ቦታ እኩል አድርሶ ጣሪያውን በድንጋይ ጎድኖች ላይ ማሳረፍ ተቻለ። ክብደቱ በጎድኖቹ በኩል ወደ ዓምዶቹና ወደ ውጭው ድጋፍ ስለሚወርድ ግድግዳው ለመስኮት ነጻ ሆነ። ልጅቷ ይህን ከሁለት ሚስማር ስትረዳ ፊቷን ማየት ነበር!

እዚህ ላይ «ጎጆ ቤት እያለን የፈረንጅ ቤተ ክርስቲያን ምን ያደርግላታል?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ቤትን በሌላ ልክ መልሶ መሥራትን ከማንም አልተማርነውም። የአክሱም ሐውልቶች በራቸው፣ መስኮታቸው፣ የወለላቸው አግዳሚ ሁሉ በድንጋይ የተቀረጸላቸው ባለ ብዙ ፎቅ ቤቶች ናቸው፤ የወደቀው ትልቁ ሐውልት ብቻ 13 ፎቅ ያሳያል። ሹል ቅስትም ቢሆን ሩቅ አይደለም። በሰሜን ወሎ የላሊበላን ቤተ ጊዮርጊስ የላይኛውን መስኮቶች ቀና ብሎ ያየ ሰው ጫፋቸው የሾለ መሆኑን ያስተውላል። ጎቲክ ናቸው ማለቴ ግን አይደለም፤ የየራሳቸው ትውልድ አላቸው። ከሁሉ የሚደንቀኝ የዘመን መገጣጠሙ ነው። በፓሪስ የጎቲክ ሥራ ዕንቍ የሚባለው ሳንት ሻፔል የተባረከው እ.ኤ.አ. በ1248 ነው። አቡነ ኢየሱስ ሞዐ ከአርዲቦ ጎረቤት በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳማቸውን ያቋቋሙትም በዚያው በ1248 እንደሆነ ይነገራል። በ1280 ወይም በ1281 ለገዳሙ የሰጡት የአራቱ ወንጌል መጽሐፍ የራሳቸው ሥዕል ያለበት ነው።

የእስጢፋኖስ ገዳም ለሴት አይፈቀድም። ልጅቷ ተወልዳ ያደገችው በአቅራቢያው ቢሆንም ውስጡን የምታውቀው በወሬ ነው። አባቷ ስንት ጊዜ ገብቶ ወጥቷል። አንድ ምሽት የመስኮቱን ቁመት ብትጠይቀው ግን መልስ አጣ። «በሩስ ስንት ክንድ ነው? ብርሃኑ የሚመጣው በየት በኩል ነው?» እያለች ስታፋጥጠው ወደ እኔ ዞረ፤ እኔም ወደ ሐይቁ ዞርኩ። ከዚያ ወዲህ «እቃ እቃ» የሚለውን ቃል ከአፉ አልሰማሁም።

ወደ ዕቃው እንመለስ። በውጭ አገር ለዚህ ሥራ የተዘጋጀ ዕቃ በሳጥን ይሸጣል፤ ዋጋውን በብር መመንዘር ራስ ያዞራል። አያስፈልግምም። እንግሊዛዊው ሆራስ ዋልፖል ከ1749 ጀምሮ ስትሮውቤሪ ሂል የተባለውን ቤቱን ወደ ጎቲክ ሲለውጥ የአንዱን አዳራሽ ጣሪያ ያሠራው በድንጋይ ሳይሆን በወረቀት ሊጥ ነበር። ጌታው በእውነተኛ ቤቱ ያደረገውን እኛ በካርቶን ብናደርገው ማን ይታዘበናል? አሮጌ ጋዜጣ ተቀዳዶ ሌሊቱን ውሃ ውስጥ ያድራል፤ ጠዋት ተጨምቆና ተፈጭቶ በነጭ የእንጨት ኮላ ይለወሳል። የጣሪያው ጎድን ሲባጎ ነው፤ በኮላ ተነክሮ በቅስቱ ላይ ይወጠራል፣ ሲደርቅ በወረቀት ሊጡ ይሸፈናል። የእኔም ጽሑፎች በመጨረሻ የሚሸከሙት ነገር አገኙ።

ለድንጋይ ግድግዳ ከቴሌቪዥን ማሸጊያ የሚወጣው ነጭ ፎም ተስማሚ ነው። የድንጋዩን መጋጠሚያ በደረቀ እስክሪብቶ ጫን ብሎ መሳል፣ ፊቱን በተጨማደደ ወረቀት መምታት፣ ከዚያ ቀጭን የጀሶ ልባስ መቀባት ነው። በሚነፋ ቀለም ግን አትሞክሩት፤ ፎሙን ይበላዋል። ለወለል የተሰነጠቀ ሸምበቆ ወይም የአይስክሬም እንጨት ይበቃል። ለወንበርና ለጠረጴዛ ከአናጺ ቤት የሚለቀም የዋንዛ ቁራጭ አለ፤ ሲላጥ ጨዋ እንጨት ነው።

ቀለም ላይ ተጣላን። ልጅቷ በስልክ ያየችው ክፍል ጥቁር ግድግዳ፣ የራስ ቅልና የሌሊት ወፍ የሞላበት ነው። ያ ጎቲክ የመጣው ከካቴድራሉ ሳይሆን ከልብ ወለድ ነው። ወላጁም ይኸው ዋልፖል ሲሆን በ1764 ያሳተመው የኦትራንቶ ቤተ መንግሥት ታሪክ የዚያ ዓይነት ድርሰት መጀመሪያ ተብሎ ይቆጠራል። ጥቁር ልብስና ጥቁር የዓይን ኩል ደግሞ በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ ከእንግሊዝ ሙዚቀኞች ጋር መጣ። የመካከለኛው ዘመን ጎቲክ ግን በቀለም የደመቀ ነበር፤ ሳንት ሻፔል ውስጥ ቀይ፣ ሰማያዊና ወርቅ፣ ጣሪያው ላይም ከዋክብት አሉ። ዛሬ በየካቴድራሉ የምናየው ራቁቱን የቆመ ግራጫ ድንጋይ በአብዛኛው ቀለሙ የረገፈበት ነው። ክርክሩ ሁለት ቀን ፈጀ። በስምምነት የተዘጋውም፣ ከወገብ በታች ጥቁር፣ ከወገብ በላይ ሰማያዊ፣ ጣሪያው ባለ ኮከብ እንዲሆን ነው። የራስ ቅሉ ቀርቶ በምትኩ አንድ ቁራ መስኮቱ ላይ ተቀምጧል። ቁራው ከጭቃ የተሠራ ነው፤ ባይኖር ይሻል ነበር የሚለው አስተያየቴ በመዝገብ ይያዝልኝ።

መስኮቱ የክፍሉ ነፍስ ነውና ጊዜ ይሰጠው። ኮፒ ቤቶች ለጥራዝ ሽፋን የሚጠቀሙበት ብርሃን አሳላፊ ፕላስቲክ መስታወት ይሆናል። የእርሳሱ መስመር በጥቁር ማርከር ይሰመርና መሃል መሃሉ በጥፍር ቀለም ይሞላል። ቀዩና ሰማያዊው ብርሃን ያሳልፋሉ፤ ወፍራሙ ሮዝ አያሳልፍም። እንዴት እንደሚያምር ማየት የሚፈልግ አዲስ አበባ በአፍሪካ አዳራሽ የሎሬት አፈወርቅ ተክሌን 150 ካሬ ሜትር ባለ ቀለም መስታወት ይመልከት፤ እዚያ ጥቁሩ መስመር የሥዕሉ አጥንት ነው። ከመስኮቱ ኋላ ከተበላሸ የእጅ ባትሪ የወጣ ኤልኢዲ አምፖል ይገባል። በአምፖሉና በመስኮቱ መካከል ነጭ ወረቀት ካልጋረዳችሁ ግን የሚታየው አንድ የሚያጥበረብር ነጥብ ብቻ ነው። ከክፍሉ ውስጥ ሌላ መብራት አትጨምሩ። ጎቲክ ክፍል ብርሃን የሚያገኘው በመስኮቱ ነው፤ ጥጉ ቢጨልም ደግ ነው።

ለሻማ ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የሚገዛው ጧፍ እንደተፈጠረ ልክ ነው። 4 ሚሊ ሜትር የሚወፍር ጧፍ በ12 ሲባዛ 5 ሳ.ሜ. የሚወፍር የመቅደስ ሻማ ይሆናል። 2 ሳ.ሜ. ቆርጦ በአዝራር ላይ ማቆም ነው። አይለኮስም፤ ካርቶን ውስጥ ነን።

በአትሮንሱ ላይ የሚዘረጋው መጽሐፍ ግን ቁም ነገር አለው። ለትንሿ መጽሐፍ እውነተኛ ብራና ያምራል ተብሎ ከአሮጌ መጽሐፍ የተገነጠለ ቅጠል ከሻጭ ገዝቶ መቆራረጥ የሚዳዳው ሰው አይጠፋም። ቅጠሉ የሆነ ቦታ የጎደለ ገድል ወይም ዳዊት ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስን ማበላሸት በእስራት የሚያስቀጣ አድርጎታል፤ «ለልጅ ጨዋታ ነው» የሚል መከላከያም አይኖረውም። ከከበሮ ሠሪ የተረፈ የፍየል ቆዳ ቁራጭ፣ እርሱም ከጠፋ በሻይ የተነከረ ወረቀት በቂ ነው። ልጅቷ በሻይ በነከረችው ወረቀት ላይ ሁለት ዓምድና አንድ ቅስት ሥላ በመሃሉ ቁጥር ጻፈችበት፤ በጥንት ወንጌሎቻችን መጀመሪያ ያሉትን የአውሳብዮስ ሰንጠረዦች ፎቶግራፍ አሳይቻት ነበር። ገጹ 2 ሳ.ሜ. አይሞላም።

ክፍሏ ስታልቅ የምትቀመጠው የአሻንጉሊቷ ዓይንና የተመልካቹ ዓይን እኩል በሚሆኑበት ከፍታ ነው፤ ከላይ ቁልቁል የሚያዩት ጎቲክ ሳጥን ብቻ ነው። የአርዲቦ ክረምት እርጥበት ለወረቀት ሊጥ ጠላት ነው። ጣሪያው ሳይደርቅ ከተቀባ በሳምንቱ ይሻግታል፤ ስለዚህ ከምድጃው ራቅ ብሎ ቢያንስ አራትና አምስት ቀን ይቆይ። በዱቄት ሙጫ የሚሠራ ደግሞ አይጥ እንደሚጋብዝ ይወቅ። የእኛዋ በኮላ የተሠራች ናት፤ አሁን ቁም ሳጥን ላይ ናት። አባቷ ትናንት ማታ ወንበር ስቦ ሲያያት አገኘሁት፤ ቁራው ወደ ውስጥ ሳይሆን ወደ ውጭ ቢያይ ይሻላል እያለ ነው።